አርብ ቀን የበላሁት ቋንጣ

ነገሩ ከሆነ በዚህ ጥቅምት አራት ዓመት ሞላው። ያን ቀን የሚያስታውሱ ሰዎች ሁሉ የሚያነሡብኝ የበላሁትን ሥጋ ነው። እኔን እረፍት የሚነሣኝ ግን ሥጋው አይደለም፤ ከእሱ በፊት የነበሩት ሁለት ቀኖች ናቸው። ስለ እነሱ ለማንም ተናግሬ ስለማላውቅ፣ ከነገሩ ሳልጨምርና ሳልቀንስ እጽፈዋለሁ።

የተወለድሁት ታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ በእግር ሁለት ሰዓት በሚያስኬድ ደጋ መንደር ነው። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል ያስቆጠረኝ ዲያቆን የነበረ የአክስቴ ልጅ ነው። የቀረውን ነጋዴዎች ጨውና ስኳር ከሚጠቀልሉበት አሮጌ ጋዜጣ ላይ ራሴ ተማርሁት። በመንደራችን ከካህናቱ ቀጥሎ መጻፍ የምችል እኔ ብቻ ነበርሁ።

መጻፍ መቻሌ መከራ ሆነብኝ። አባቴና አጎቴ በአንድ የርስት ማሳ ተካስሰው ነበር። አባቴ ጧት «አቤቱታዬን ጻፍልኝ» ይለኛል፤ አጎቴ ከሰዓት በኋላ አጥር ዙሪያ ይጠብቀኝና «ለአባትህ የጻፍኸውን ቃል በቃል ንገረኝ» ይለኛል። ዝም ብል ሁለቱም ይጣሉኛል። ጎረቤቱም እንዲሁ ነው፤ አንዱ ሌላውን የሚከስሰው በእኔ እጅ ነው። ዕድሜዬ ሃያ ሁለት ነበር። የሌላውን ቃል ስጽፍ ኖሬ የራሴ ቃል ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር።

ስለዚህ ማንም ምንም የማይፈልግብኝ ቦታ ሄጄ ለመኖር ቆረጥሁ። ለመመንኰስ አልነበረም። እንዲያው ብቻዬን ሆኜ ምን ዓይነት ሰው እንደሆንሁ ማየት ፈልጌ ነው።

ከመስቀል በኋላ ባለው ሰኞ፣ ለእናቴ ብቻ «አትፈልጉኝ» ብዬ ወደ በሽሎ ሸለቆ ወረድሁ። የያዝሁት ይህ ነው፦ አንድ ስልቻ በሶ፣ ጨው፣ ቢላዋ፣ ዳዊት፣ ሁለት ደብተርና እርሳስ፣ እናቴ እያለቀሰች ስልቻው ውስጥ የከተተችልኝ ቋንጣ፣ እንዲሁም ዐሥር ፍሬ የንዳድ ክኒን። በዚያ ዓመት አርብ ገበያ ድሬሰር የሚሉት አንድ የሕክምና ረዳት ተመድቦ ነበር። ቆላ እንደምወርድ ስነግረው ክኒኑን ሰጠኝና አወሳሰዱን ደብተሬ ላይ አስጻፈኝ፤ መጀመሪያ አራት፣ በዚያው ቀን ማምሻውን ሁለት፣ በማግሥቱ ሁለት፣ በሦስተኛው ቀን ሁለት።

ከወንዙ ከፍ ብሎ ካለ ገደል ሥር አንድ ዋሻ አገኘሁ። ከበታቹ ቀጭን ምንጭ አለ፤ ከምንጩ አጠገብ አንድ ሾላ። ሰው የሚባል አይታይም።

የመጀመሪያዎቹን ዐሥር ቀኖች የመሰለ ደስታ አይቼ አላውቅም። የሚጠራኝ የለም። ስፈልግ እተኛለሁ፣ ስፈልግ እነሣለሁ። ዝንጀሮዎች እንኳ ከሦስተኛው ቀን በኋላ መሸሽ ተዉ። አንድ ነገር ብቻ አስቸገረኝ። ስለ ራሴ ልጽፍ ብዬ ደብተሬን ስከፍት እጄ ከልምዱ የተነሣ «እኔ አመልካች» ብሎ ጀመረ። ሦስት ገጽ ቀድጄ ጣልሁ።

በዐሥራ አንደኛው ቀን፣ ሐሙስ ጧት፣ ዋሻው አፍ ላይ ተቀምጬ ዳዊት ስመለከት አንዲት ሴት ስንቅ ተሸክማ በምንጩ በኩል ብቅ አለች። በኋላ ስሟ ወይዘሮ እናንየ እንደሆነ አወቅሁ። መንደሯ ከገደሉ አናት ላይ ነው። ሴት ልጇና አማቿ ቆላ ወርደው ማሽላ ይጠብቁ ስለነበር ስንቅ ልታደርስላቸው መውረዷ ነበር።

ጋቢዬ በዋሻው አፈር ተቀልሞ ባሕታውያን የሚለብሱትን ወይባ መስሏል። ጠጉሬ አድጓል። እሷን ሳይ ደንግጬ ቆምሁ እንጂ አልተናገርሁም። ከልጅነቴም ዝምተኛ ነኝ፤ በዚያ ላይ ዐሥር ቀን ሙሉ አፌን አልከፈትሁም።

ስንቋን አስቀምጣ መሬት ሳመች። ላነሣት እጄን ብዘረጋ እሱኑ ያዘችና ሳመችው።

«አባቴ፣ አርምሞ ላይ ነዎት መሰለኝ» አለች። «አይናገሩ፣ ግዴለም አይናገሩ። እኔው እናገራለሁ።»

ተናገረችም። አማቿ መኰንን ንዳድ ይዞት አራት ቀን እንደተኛ፣ ማሽላውን ዝንጀሮ እየጨረሰው እንደሆነ፣ ልጇ ዘውዲቱ የስድስት ወር እርጉዝ እንደሆነች፣ እሷን ራሷንም ከአባይ ማዶ ያለ መድኃኒተኛ እንዳታለላት ነገረችኝ። እኔ ባሕታዊ አይደለሁም ለማለት አሰብሁ። ነገር ግን ወሬዋ ፋታ አልሰጠኝም፤ ደግሞም ከተናገርሁ ማን እንደሆንሁ፣ የማን ልጅ እንደሆንሁ መጠየቋ አይቀርም። የሸሸሁት ይህንኑ ነው።

ገብቼ ዐሥሩንም ክኒን አመጣሁላት። በጣቴ አራት፣ ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት ብዬ አሳየኋት። ፀሐይ ስትወጣና ስትጠልቅ በእጄ አመለከትሁ። ወዲያው ገባት። ክኒኑን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወደ ኋላዋ እየሄደች ወረደች፤ ጀርባዋን ላለመስጠት ነው።

በዐሥራ ሰባተኛው ቀን መኰንን ራሱ በእግሩ መጣ። ሠላሳ ዓመት የሚሆነው፣ ትከሻው ሰፊ፣ ሳቂታ ሰው ነው። ዳቦና ማር ይዞልኛል። ከእግሬ ሥር ተንበርክኮ ጉልበቴን ሳመ፤ ሳይነሣም ብዙ ቆየ። ከሄደ በኋላ ማሩን ቀመስሁት። እውነቱን ለመናገር፣ ከማሩ ይልቅ የጣፈጠኝ መንበርከኩ ነው። በሕይወቴ ሰው የሚፈልገኝ ለእርሳሴ ነበር። ቋንጣውን ከስልቻው ታች፣ ከዳዊቱ ማኅደር ሥር የደበቅሁት በዚያ ቀን ነው። ባሕታዊ ሥጋ እንደማይበላ አውቃለሁ። አይደለሁም እያልሁ እንደሆነው መኖር ጀምሬ ነበር።

በሚቀጥለው ረቡዕ፣ በሃያ አራተኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ የሰው ድምፅ ሰማሁ። መኰንንና ሁለት ጎረቤቶቹ ቃሬዛ ተሸክመው፣ ወይዘሮ እናንየ ከኋላቸው ሆና ወደ ምንጩ መጡ። ቃሬዛው ላይ ዘውዲቱ ነበረች። እሷንም ንዳድ ይዟታል። ከሾላው ሥር አስተኟት።

«አባታችን፣ ሰባት ቀን ሱባኤ ልንይዝላት ነው» አለ መኰንን። «በምንጭዎ እናጠምቃታለን። ከዚያ በኋላ እንደ ፈቃድዎ።»

ክኒን አልቋል። አርብ ገበያ ያለው ድሬሰር እንደሚያድናት አውቄያለሁ። መንገዱ ለቃሬዛ ሰባት ሰዓት ቢሆን ነው። አንድ ቃል መናገር ይበቃ ነበር። እኔ ግን አልተናገርሁም። እጄን አንሥቼ በገደሉ በኩል ወደ ደጋው ጠቆምሁ። አራቱም ቀና ብለው ሰማዩን አዩና አማተቡ።

«ጸሎቱ ይደርሳል ማለታቸው ነው» አለ አያ ውቤ የተባለው ሸምገል ያለ ጎረቤት።

ይህን ሳይ ደግሜ ለመጠቆም እጄን አነሣሁ፤ ወዲያው መልሼ አወረድሁት። ትኩሳቱ ራሱ ይወርድላት ይሆናል ብዬ ወደ ዋሻው ገባሁ።

ሐሙስ ቀን ሦስት ጊዜ አጠመቋት። ስትንቀጠቀጥ ሾላው ሥር ያለው ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ከዋሻው ይሰማል። ከሰዓት በኋላ ትኩሳቱ ትንሽ ጋብ ሲልላት እናቷ ጠራችኝ። ሄጄ አጠገቧ ቆምሁ። ዘውዲቱ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል።

«አባቴ» አለችኝ፣ «ልጄ ጧት ይንቀሳቀስ ነበር፣ አሁን ጸጥ ብሏል። ደኅና ነው?»

ሁሉም እኔን ያያሉ። እሷም ታየኛለች። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

ፈገግ ብላ ዓይኗን ከደነች። እናቷ «ተመስገን» አለች። እኔ ተመልሼ ገብቼ ዳዊቱን ከፈትሁ፤ ከመዝሙሩ አንድም መስመር ዓይኔ አልያዘውም።

አርብ ጧት ስወርድ የዓይኗ ነጭ ቢጫ ሆኗል። እናቷ «ዘውዲቱ፣ ዘውዱዬ» ብትላት «አንቺ ማነሽ?» አለቻት። ወይዘሮ እናንየ ሳቅ እንደሚመጣት ሰው ሆና ወደ እኔ ዞረች። ያን ፊት ስላየሁ ነው የተናገርሁት።

«እኔ ባሕታዊ አይደለሁም» አልሁ። ድምፄ ለራሴም የሰው መሰለኝ። «የታች ጋይንት ገበሬ ልጅ ነኝ። አርምሞ ላይም አልነበርሁም፣ ዝምተኛ ስለሆንሁ ነው። ይህች ልጅ እዚህ ከቆየች ትሞታለች። አርብ ገበያ ውሰዷት፣ ድሬሰር አለ።»

ይጮኹብኛል ብዬ ነበር። ሦስቱ ወንዶች ግን ጎንበስ አሉ።

«አየሽ እትየ?» አለ መኰንን ለአማቱ በሹክሹክታ። «አርምሞውን ለእኛ ብለው ፈቱት።»

«አልሰማህም? ባሕታዊ አይደለሁም እያልሁህ ነው።»

«እንዲያማ ነው የሚሉት» አለ አያ ውቤ። «ነኝ ያለ ባሕታዊ ነው የሚያስፈራው። ውዳሴ ከንቱ ሲሸሹ ነው።»

«ጃንሆይ ይሙት፣ እውነቴን ነው!»

አያ ውቤ ተገርሞ ራሱን ነቀነቀ። «ለእኛ ብለው ይምላሉ እንኳ።»

«የእኔን ንዳድ ማን አወጣው ታዲያ?» አለ መኰንን።

«ክኒን ነው ያወጣው። ድሬሰሩ ለራሴ የሰጠኝ ክኒን። መራራ አልነበረም?»

«እንዴት ያለ መራራ» አለ። «የኃጢአቴ ምሬት ነው ብዬ ዋጥሁት።»

የምለው ሁሉ ወደ ቅድስና ይለወጥ ነበር። ብቆጣ ግሣጼ ነው፤ ብለምን ትሕትና ነው። ልሸሽ ብል ደግሞ ተሰወሩ ይሉና ሱባኤውን እስከ ሰባተኛው ቀን ይቀጥላሉ። ልጅቱ ግን እስከዚያ አትቆይም።

ወደ ዋሻው ገብቼ ስልቻውን ዘረገፍሁ። ቋንጣው ከታች ነበር። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ አርብ ቀን ገድፌ አላውቅም፤ ታምሜ እንኳ እናቴ ወተት ብታቀርብልኝ መልሼባታለሁ። ይዤው ወጣሁ። ሁሉም እንዲያዩኝ ሾላው ሥር፣ ፀሐይ የሚያርፍበት ድንጋይ ላይ ቆምሁ። ገና ሦስት ሰዓት አልሆነም።

አንዱን ቁራጭ አፌ ውስጥ አደረግሁ።

ቋንጣው ደርቆ እንደ ጠፍር ሆኖ ነበር። ቶሎ አይታኘክም። መጀመሪያ ምን እንደሆነ አልገባቸውም። አያ ውቤ ጠጋ ብሎ አየና «ሥጋ ነው» አለ። ድምፁ ቀስ ያለ ነበር። ወይዘሮ እናንየ ዓይኗን በነጠላዋ ሸፈነች። የመጀመሪያውን ዋጥሁ። ሁለተኛውን ጐረስሁ። ሦስተኛውን ሳነሣ የመኰንን ዱላ ትከሻዬ ላይ አረፈ።

«ውሻ!» አለ። «ጉልበትህን ያሳምኸኝ አንተ ነህ?»

ሊደግመኝ ሲል ወይዘሮ እናንየ ያዘችው። ነጠላዋን ከፊቷ አውርዳ ነበር። ስታስብ ይታያል።

«ቆይ» አለች። «ይሄ ሥጋ በሊታ ከሆነ፣ አንተን ያዳነህ እሱ አይደለም። ክኒኑ ነው ማለት ነው።»

መኰንን ዱላውን እንደሰቀለ ቆመ።

«ክኒኑ ያለው ደግሞ አርብ ገበያ ነው» አለች። «ምን ትጠብቃላችሁ? ልጄን አንሡልኝ እንጂ።»

አነሡ። ሦስት ሆነው ያን አቀበት ቃሬዛ ተሸክሞ መውጣት ከባድ ነው። ሁለቱ ሲይዙ አንዱ ብቻ ያርፋል። እኔ ስልቻዬን እዚያው ትቼ፣ ደብተሮቼንም ትቼ ከኋላ ተከተልሁ። «ተራ ስጡኝ» ስል መኰንን ዞሮ «እጅህ አይንካት» አለኝ።

ከአቀበቱ ወገብ ላይ፣ መንገዱ በድንጋይ ደረጃ በሚወጣበት ቦታ፣ አያ ውቤ ጉልበቱ ተብረከረከ። ሌላው ጎረቤት ቃሬዛውን ለእሱ ገና ማስረከቡ ነበርና ትንፋሹ አልተመለሰም። ቃሬዛው ወደ ገደሉ ዘመም አለ። መኰንን ፊቱን ሳያዞር፣ ስሜንም ሳይጠራ፣ «ያዝ» አለ።

ያዝሁ። ከዚያ ጀምሮ እስከ ደጋው አናት ድረስ አለቀቅሁም። ዱላ ባረፈበት ትከሻዬ ላይ ነበር የተሸከምሁት።

ደጋው ላይ ስንደርስ ገበያተኛው ተቀበለን። የገበያ ቀን ስለሆነ መንገዱ በሰው ተሞልቷል። እንደ ደንቡ ያገኘን ሁሉ ሸክሙን አስቀምጦ ተራ ይገባል። እኔ ወደ ኋላ ቀረሁ። አያ ውቤ ከጎኔ እየሄደ ለጠየቀው ሁሉ ይናገራል።

«ይሄኛውስ ማነው?» ይላሉ።

«ባሕታዊያችን ነው» ይላል። «ዛሬ ጧት ፈስኮልን ነው የመጣነው።»

ይሥቃሉ። አንዲት አሮጊት ብቻ አልሣቀችም፤ አየችኝና ምራቋን እንትፍ አለች።

አርብ ገበያ የደረስነው ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ሲሆን ነው። ገበያው መበተን ጀምሯል። ድሬሰሩ ወዲያው መርፌ ወጋትና አጠገቧ ተቀመጠ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ምን ያህል ጊዜ እንደታመመች፣ የት እንደነበረች ጠየቀ። መኰንን መለሰለት። ድሬሰሩ መሣሪያውን ሆዷ ላይ አድርጎ ብዙ አዳመጠ።

«እሷ የምትተርፍ ይመስለኛል» አለ። «ረቡዕ ብታመጡልኝ ግን ሁለቱንም ነበር።»

ቅዳሜ ጧት የሞተ ወንድ ልጅ ወለደች። እሷ ተረፈች።

ያን ቅዳሜ ወደ ቤቴ ሄድሁ። አባቴ በረት እየጠረገ ነበር። የት እንደነበርሁ አልጠየቀኝም፤ ወሬው ቀድሞኝ ገብቷል። «እናትህ ታማለች፣ ግባ» አለኝ ብቻ። ያን በረሃ የወረድሁት ነፃ ልሆን፣ ራሴንም ላውቅ ነበር። ያወቅሁት ነገር ሰው ሲያከብረኝ ዝም ማለት እንደምችል ነው። ከሰው ተለይቼ እስከኖርሁ ድረስ ይህን ጠባዬን አላየሁትም፤ የታየኝ ሰዎቹ ሲመጡ ነው።

ለንስሐ አባቴ ሥጋውን ተናዘዝሁ። ቀኖና ሰጡኝ፤ ጾሙንም ስግደቱንም ፈጸምሁ። «ሌላስ ልጄ?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። «ሌላ የለም» አልኋቸው።

«ሥጋ በሊታው መናኝ» የሚለው ስም ስላልለቀቀኝ ስማዳ ሄጄ ወገዳ ተቀመጥሁ። አምና በገበያ ቀን አንዲት ሴት ከኋላዬ መጥታ እጄን ያዘችኝ። በጀርባዋ ሕፃን አዝላለች።

«አላወቅኸኝም?» አለች። «ያቺ የተሸከምኸኝ ነኝ።»

ዘውዲቱ ነበረች። ፊቷ ሞልቷል። ሕፃኑን አዙራ አሳየችኝ፤ ሴት ናት።

«መኰንን ዛሬም ስምህ ሲነሣ ይተፋል» አለችኝ። «እኔ ግን እናቴ የነገረችኝን አልረሳም። ጾምህን የፈታኸው ለእኔ ብለህ ነው። ያን ሐሙስም ልጄ ደኅና ነው ያልኸኝ፣ እንዳልሰጋ ብለህ ነው። ምነው፣ ተሳሳትሁ?»

ረቡዕ ልናገር እችል እንደነበር ልነግራት አፌን ከፈትሁ። ደስ ብሏት ታየኛለች። ሕፃኗ በትከሻዋ ላይ ትመለከተኛለች። ዝም አልሁ።

«ይኸው፣ ዛሬም ሰው ሲያመሰግንህ አንገትህን ትደፋለህ» አለችና እጄን ስማ ወደ ገበያው ገባች።

ዘውዲቱ ማንበብ አትችልም። ይህ ከታተመ ግን አንድ ሰው ሊያነብላት ይችላል። እንዲያነብላት እንደምፈልግ እርግጠኛ አይደለሁም። የመንደሯን ስም ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ ሰርዤዋለሁ።